ወሬ ስለ ማቀበልና ስለ አቀባዩ አደራ

ሰው ከሌላው ፍጥረት ተለይቶ በማኅበር የሚኖረው በቃል ነው። ቃል ባይኖር ገበያ አይቆምም፤ ዳኛ አይፈርድም፤ ካህንና ሼህ አያስተምሩም፤ ሹምም ሕዝቡን ሊያስተዳድር አይችልም። ስለዚህ ቃልን ከአንዱ ተቀብሎ ለሌላው የሚያደርስ ሰው፣ ገንዘብ ተቀብሎ እንደሚያደርስ ሰው ሁሉ ባለ አደራ ነው። ገንዘቡን ያጎደለ መልእክተኛ ሌባ ይባላል፤ ወሬውን አጉድሎ ወይም ጨምሮ ያደረሰውን ግን ብዙ ሰው እንደ ጥፋተኛ ሳይቈጥረው ያልፋል። በተንቀሳቃሽ ስልክና በኢንተርኔት ቃል ከአገር አገር በቅጽበት በሚደርስበት በዚህ ዘመን፣ ይህ ቸልታ ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍል ለመመርመር የሚፈልግ ሰው ከከሚሴና ከአካባቢዋ ብዙ ትምህርት ያገኛል።

ከሚሴ በአማራ ክልል ውስጥ ያለው የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና 325 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በቦርከና ወንዝ አካባቢ ተቀምጣለች። ዞኑ ጂሌ ጥሙጋን፣ አርጡማ ፉርሲን፣ ደዋ ጨፋን፣ ደዌ ሐረዋንና ባቲን የሚይዝ ሲሆን፣ በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ ከ450 ሺህ በላይ ሰው ተቈጥሮበታል። ሕዝቡ በብዛት ኦሮሞ፣ በሃይማኖቱም በብዛት ሙስሊም ነው፤ አማራውና አርጎባውም በመካከሉ ይኖራል፤ አፋሩም በምሥራቅ በኩል ጎረቤቱ ነው። ከሸዋ ሮቢት ወደ ሰሜን የሚጓዝ መንገደኛ ሰንበቴን፣ አጣዬን፣ ካራቆሬንና ከሚሴን በየተራ ሲያልፍ፣ አንድ ጊዜ በሰሜን ሸዋ ዞን፣ አንድ ጊዜ በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን መሬት ላይ ይሄዳል፤ ወሰኑን ግን ካልነገሩት በቀር በዐይኑ ለይቶ አያየውም። እንዲህ ተቀላቅሎ በሚኖር ሕዝብ መካከል አንድ ክፉ ወሬ በሌላ አገር ከሚሠራው ጥፋት እጥፍ አድርጎ ይሠራል።

በዚህ አገር የወሬ ማቀበል ሥራ ያለ ሥርዓት አልኖረም። ሰኞ ሰኞ በባቲ በሚቆመው ታላቅ ገበያ ከቆላ የመጣው አፋር፣ ከደጋ የወረደው አማራና የአገሩ ኦሮሞ ተገናኝተው ከብትና እህል ይገበያያሉ፤ ከሸቀጡም ጋራ ወሬ ይለዋወጣሉ። አፋሮች ዳጉ የሚሉት የወሬ ልውውጥ እጅግ የሚያስደንቅ ነው። ሁለት መንገደኞች በተገናኙ ጊዜ፣ ቢቸኩሉም እንኳ፣ ቆመው ወይም ተቀምጠው ስለ ዝናቡ፣ ስለ ግጦሹ፣ ስለ ከብቱ ጤና፣ ስለ ሰላሙና ስለ ጠቡ ይጠያየቃሉ፤ ተናጋሪውም በዐይኑ ያየውንና ከሰው የሰማውን ለይቶ ይናገራል። ሐሰት ያቀበለ ሰው በወገኑ ዘንድ ይነቀፋል፤ ቃሉም ከዚያ ወዲያ አይታመንም። ይህን ሥርዓት ያቆመው የኑሮ ግድ ነው፤ ዝናብ ዘነበ ተብሎ በሐሰት የተነገረው ከብት አርቢ መንጋውን ወደ ደረቅ ምድር ነድቶ ያስፈጃልና።

የሃይማኖት ሊቃውንትም ከዚህ የጠበቀ ሥርዓት አላቸው። በሙስሊሞች ዘንድ ሐዲስ የሚማር ሰው ቃሉን ብቻ ተቀብሎ ዝም አይልም፤ ከማን እንደ ተሰማ፣ ያም ከማን እንደ ሰማ፣ ሰንሰለቱ እስከ ምንጩ ድረስ በስም እየተጠራ ይመረመራል። ይህም ኢስናድ ይባላል። በሰንሰለቱ ውስጥ በውሸት የታወቀ ወይም ማንነቱ ያልታወቀ አንድ ሰው ቢገኝ፣ ቃሉ ምንም ያማረ ቢሆን፣ ደካማ ይባላል። ቁርኣንም በአል ሑጁራት ምዕራፍ፣ አመፀኛ ሰው ይዞት የመጣውን ወሬ ሳይመረምሩ መቀበልን ይከለክላል። ከከሚሴ ብዙ ሳትርቅ በኮረብታ ላይ የተሠራችው የአርጎባዎች የድንጋይ መንደር ሾንኬ የዚህ ዓይነት ትምህርት የሚሰጥባት ስፍራ ሆና ስትታወቅ ኖራለች። በቤተ ክርስቲያንም የቅኔ ወይም የመጻሕፍት ትርጓሜ መምህር ከማን ዘንድ እንደ ተማረ ይጠየቃል፤ የመምህሩን ስም መጥራት ያልቻለ ሰው ወንበር አይሰጠውም። በሐሰት መመስከርንም ከዐሥርቱ ትእዛዛት አንዱ እንደሚከለክል ሕፃን እንኳ ያውቀዋል።

እንግዲህ የገበያው ሰው፣ ዐሊሙና የቅኔው መምህር ሳይማከሩ የተስማሙበት አንድ ሕግ አለ፤ ይኸውም ወሬን ያለ አምጪው ስም አለመቀበል ነው። በስልክ የሚመጣው ወሬ ይህን ሕግ አፍርሶታል። በፌስቡክ፣ በቴሌግራምና በቲክቶክ አንድ ጽሑፍ ወይም ፎቶግራፍ በአንድ ጣት ንክኪ ለሺህ ሰው ይተላለፋል፤ ሁለተኛው ተቀባይ የመጀመሪያውን ጸሐፊ አያውቀውም፤ ዐሥረኛው ደግሞ ጸሐፊ እንደ ነበረው እንኳ አያስብም። የቆየ ፎቶግራፍ ትናንት እንደ ተነሣ፣ በሌላ አገር የሆነው ነገር በጎረቤት ቀበሌ እንደ ሆነ ተደርጎ ይቀርባል። አቀባዩም በተጠየቀ ጊዜ «የመጣልኝን ነው ያስተላለፍሁት» ብሎ ይመልሳል። ይህ መልስ ዳጉ በሚለዋወጡ ሁለት መንገደኞች መካከል ቢነገር ተናጋሪውን ያሳፍረው ነበር፤ በስልክ ግን ማንም አላፈረበትም።

በዚህም ላይ የመድረኩ ባለቤት የሆነው ኩባንያ የተሰጠውን ብቻ የሚያደርስ ፖስተኛ አይደለም። ከብዙው ጽሑፍ መካከል የትኛው በሕዝብ ፊት ይቅረብ የሚለውን የሚመርጠው የኩባንያው መሣሪያ ነው፤ መሣሪያውም ሰው የተቈጣበትንና የተከራከረበትን ጽሑፍ ወደ ፊት ያወጣል፤ ሰው በተቈጣ ቍጥር ስልኩን አይዘጋምና። የፌስቡክ ሠራተኛ የነበረችው ፍራንሲስ ሃውገን በመስከረም 2014 ዓ.ም. በአሜሪካ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ኮሚቴ ፊት ቀርባ ስትመሰክር፣ ይህ አሠራር እንደ ኢትዮጵያ ባሉ አገሮች የጎሣ ጠብን እንደሚያቀጣጥል ተናግራለች፤ ኋላም ኩባንያው ጎጂ ጽሑፍን የሚቈጣጠርባቸው ቋንቋዎች ከአገሪቱ ብዙ ቋንቋዎች መካከል ሁለት ብቻ እንደ ነበሩ ገልጻለች። እንግዲህ በባቲ ገበያ የሚሰማው ቋንቋ ሁሉ ተቈጣጣሪ አልነበረውም ማለት ነው።

ይህ ነገር በጨዋታ የሚታለፍ አለመሆኑን የቅርብ ዘመን ታሪክ ያስረዳል። በመጋቢት መጨረሻ 2011 ዓ.ም. በአጣዬ፣ በከሚሴና በአካባቢያቸው ግጭት ተነሥቶ የሰው ሕይወት ጠፋ። በመጋቢት 2013 ዓ.ም. በጂሌ ጥሙጋና በአጣዬ አካባቢ የተነሣው ደግሞ ከዚያ የከፋ ነበረ፤ በዚህ ግጭት ከ300 በላይ ሰው መሞቱን የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ዋና ኃላፊ አስታወቁ። ወሩ ተለውጦ ሚያዝያ በገባ ጊዜ አጣዬ ተቃጠለች፤ አካባቢውም በአስቸኳይ ጊዜ ኮማንድ ፖስት ሥር ዋለ። በዚያ ወራት ወሬው በሁለት ቦይ ይፈስ ነበር። በአንደኛው ወገን ጥፋቱ ሁሉ የታጠቀ የኦሮሞ ቡድን ሥራ እንደ ሆነ ይነገር ነበር፤ በሁለተኛው ወገን ጥፋቱ ሁሉ የአማራ ልዩ ኃይል ሥራ እንደ ሆነ ይነገር ነበር። እያንዳንዱ ወገን የራሱን ሙት አሳየ፤ የጎረቤቱን ሙት የሚያሳይ ግን ጥቂት ነበረ።

የፈሰሰው ደም ምክንያቱ ወሬ ብቻ ነው ማለት አይገባም። የመሬት፣ የሥልጣንና የመሣሪያ ጉዳይ በውስጡ አለ፤ ይህንንም የሚመረምረው ሌላ ዳኛ ነው። ነገር ግን ግማሽ ወሬ ሰውን አንድ ክፉ ነገር ያለማምደዋል፤ ይኸውም ጥፋት የሠራውን ሰው በስሙ መጥራቱን ትቶ ሕዝብን በሙሉ በጎሣው ስም እንዲጠራ ነው። ገዳይ ስም አለው፤ በሕግም ይያዛል። ሕዝብ ግን አይያዝም፤ የሚሆነው መልሶ መበቀል ብቻ ነው። ስለዚህ «እነ እገሌ ገደሉ» የሚለውን ወሬ «እነዚያ ሕዝቦች ገደሉ» ብሎ ለውጦ የሚያስተላልፍ ሰው፣ ጥይት ባይተኩስም፣ ለሚቀጥለው ጥይት መንገድ ጠራጊ ነው።

ቃል ወደ ሞት እንዴት እንደሚያደርስ የተመዘገበ ምሳሌ የሚሻ ሰው ከዚሁ ክልል ያገኛል። ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር ነበሩ። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ በጦርነቱ ወራት፣ ስማቸውና ፎቶግራፋቸው ከክስ ጋራ በፌስቡክ ላይ ወጣ፤ የሚኖሩበትም ስፍራ ተጠቈመ። ጥቅምት 24 ቀን በቤታቸው ደጃፍ ተገደሉ። ልጃቸው አብርሃም መዓረግ ከሌሎች ከሳሾች ጋራ ሆኖ በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. የፌስቡክን ባለቤት ሜታን በናይሮቢ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ከሰሰ፤ ፍርድ ቤቱም በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ጉዳዩን ለማየት ሥልጣን እንዳለው ወሰነ። ክሱ የቀረበው በኩባንያው ላይ ነው፤ ጽሑፉን እያየ የተቀባበለው ሰው ግን በማንም ፍርድ ቤት ስሙ አልተጠራም። የእርሱን ጉዳይ የሚያየው ኅሊናው ነው፤ ኅሊናውንም የሚቀሰቅሱት ሃይማኖቱን የሚያስተምሩት አባቶች ናቸው።

ደግሞም ከእሳቱ ርቆ እንጨት የሚጨምር ሰው አለ። በዋሽንግተንም ሆነ በሚኒሶታ፣ በአዲስ አበባም ሆነ በሌላ ከተማ ተቀምጦ ብዙ ሺህ ተከታይ ያለው ሰው በምሽት የጻፈው ቃል በማግሥቱ በሰንበቴና በአጣዬ ይነበባል። ጸሐፊው ልጆቹን በሰላም ወደ ትምህርት ቤት ይልካል፤ በቃሉ የተቈጣው ወጣት ግን ከጎረቤቱ ጋራ በድንጋይና በጥይት ይገናኛል። ርቀት ሰውን ከአገሩ ጉዳይ አያወጣውም፤ በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ለወገናቸው ብዙ በጎ ሥራ ሠርተዋል፤ በ2010 ዓ.ም. መጨረሻ በቀን አንድ ዶላር እንዲያዋጡ በተጠየቁ ጊዜም ብዙዎች እሺ ብለው ሰጥተዋል። ነገር ግን በጠብ የሚመክር ሰው የጠቡን መከራ ከሚቀበሉት ጋራ አብሮ የማይቀበል ከሆነ፣ ምክሩን አብዝቶ ሊመረምረው ይገባዋል።

ይህ ሁሉ ከተባለ በኋላ፣ ወንዝ ሰው ወሰደ ተብሎ ውሃ እንደማይጠላ መታወቅ አለበት። በዚሁ መሣሪያ ሕዝቡ መልካም ነገር ሠርቶበታል። በጥር 2004 ዓ.ም. ከአዲስ አበባው አወሊያ ትምህርት ቤት ተነሥቶ የተስፋፋው «ድምፃችን ይሰማ» የተባለው የሙስሊሞች እንቅስቃሴ፣ ስለ መጅሊሱ ምርጫና ስለ ሃይማኖት ነጻነት ያነሣውን ጥያቄ በፌስቡክ ገጹ ያስተባብር ነበር። በጁምዓ ቀን በየመስጊዱ የተሰበሰበው ሕዝብ አንድ ጊዜ ቢጫ ወረቀት ከፍ አድርጎ፣ አንድ ጊዜ ዝም ብሎ ቆሞ ሐሳቡን ገልጾ ወደ ቤቱ ይመለስ ነበር። ጉዳዩ ሕዝቡ በብዛት ሙስሊም ለሆነበት ለከሚሴ አገር እጅግ ቅርብ ነበረ። የሕዝቡን ጥያቄ እንዲያቀርቡ የተመረጡት የኮሚቴ አባሎች በሐምሌ 2004 ዓ.ም. ታሰሩ፤ በ2007 ዓ.ም. እነርሱና አብረዋቸው የተከሰሱት ከ7 እስከ 22 ዓመት እስራት ተፈረደባቸው፤ በየካቲት 2010 ዓ.ም. ብዙ እስረኞች ሲለቀቁ ከእነርሱ መካከል በእስር የቀሩት ወጡ። በ2012 ዓ.ም. ጠቅላይ ምክር ቤቱ በአዋጅ ሕጋዊ ሰውነት አገኘ። እስራቱ ጥያቄውን አላጠፋውም፤ አዘገየው እንጂ።

በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያንም እንዲሁ ሆነ። በጥር 2015 ዓ.ም. ቅዱስ ሲኖዶስ ያልፈቀደው የኤጲስ ቆጶሳት ሹመት በተደረገ ጊዜ፣ ምእመናን በነነዌ ጾም ጥቁር ለብሰው እንዲጸልዩ ሲኖዶሱ ያስተላለፈው ጥሪ በስልክ ከዳር እስከ ዳር ደረሰ፤ ሕዝቡም ጥቁር ለብሶ በየደብሩ ቆመ። በዚያው ሳምንት ፌስቡክ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ ተዘጉ፤ የካቲት 8 ቀን ደግሞ ዕርቅ ተደረገ፤ መዘጋቱ ግን ከዕርቁ በኋላም እስከ ሐምሌ ድረስ ቆየ። አስተዋይ ሰው ከእነዚህ ከሁለቱ ነገሮች አንድ ትምህርት ያገኛል። የሙስሊሙም የክርስቲያኑም ጥሪ ሥርዓት የያዘው የማን ጥሪ እንደ ሆነ፣ ምን እንደሚጠይቅና ምን እንደሚከለክል ሕዝቡ ስላወቀ ነው። አምጪው የታወቀ ቃል ብዙ ሕዝብ ቢሰማውም ሁከት አያመጣም።

ነገር ግን በዚህ ስፍራ አንድ ከባድ ጥያቄ ይነሣል። «ስምህን ግለጥ» ተብሎ የሚታዘዘው ሰው፣ ስሙን ቢገልጥ ምን ያገኘዋል? የኮሚቴው አባሎች በስማቸው ቆሙ፤ ታሰሩ። የእንቅስቃሴውን የፌስቡክ ገጽ የሚጽፉት ግን ይህን አይተው ስማቸውን ሸሸጉ። ዞን ዘጠኝ በሚል ስም በኢንተርኔት ላይ የሚጽፉ ወጣቶች ስለ ሕገ መንግሥቱ መከበር በግልጥ ስማቸው ሲጽፉ ቆይተው፣ በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. ስድስቱ ከሦስት ጋዜጠኞች ጋራ ታሰሩ፤ በሽብር ተከሰው በ2007 ዓ.ም. ማብቂያና በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ ተለቀቁ። ሰው ስሙን የሚሸሽገው በሁለት ምክንያት ነው፤ አንዱ ሊያታልል ስለ ፈለገ፣ አንዱም ስለ ፈራ። አታላዩን ከፈሪው ለመለየት የሚቻለው ፍርሃት ሲወገድ ብቻ ነው፤ ፍርሃትን ለማስወገድ የሚችለውም ሹሙ ነው። በስሙ የጠየቀ ሰው የሚታሰር ከሆነ፣ በሐሰት ስም ከሚጽፈው መካከል ማን ክፉ ማን ደግ እንደ ሆነ አይታወቅም፤ ክፉውም በደጉ መካከል ተሸሽጎ ይኖራል።

ክፉ ወሬን ለማገድ መስመሩን በሙሉ መዝጋት ደግሞ የተለመደ መድኃኒት ሆኗል። አርቲስት ሃጫሉ ሁንዴሳ ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. በተገደለ ጊዜ ኢንተርኔት በመላው አገር ሦስት ሳምንት ያህል ተዘጋ። በአማራ ክልልም ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በታወጀበት ሰሞን የስልክ ኢንተርኔት ተቋርጦ በብዙ ስፍራ ለወራት ቆየ። የጸጥታ ሹም በሥጋት ጊዜ የሚያደርገው እንዲህ ያለ ውሳኔ ሰውን ለማዳን ታስቦ ሊሆን ይችላል። ቢሆንም በአንድ አውራ ጎዳና ላይ ሽፍታ ቢወጣ፣ ሽፍታውን ማሳደድ እንጂ ጎዳናውን ማረስ ብልህነት አይደለም። መስመሩ ሲዘጋ ነጋዴው ሒሳቡን አይልክም፤ ተማሪው አይማርም፤ በሽተኛ ያለበት ቤተሰብ ርዳታ አይጠራም። ወሬው ግን በእግሩ ይሄዳል፤ ሐሰት ነው ብሎ የሚያርመውም አያገኝም።

ለዚህም ራሷ ከሚሴ ምስክር ናት። በጥቅምት መጨረሻ 2014 ዓ.ም. ከተማዪቱ በታጣቂዎች እጅ ገብታ፣ በኅዳር መጨረሻ እስክትመለስ ድረስ አንድ ወር ያህል በጦርነት ውስጥ ኖረች። በዚያን ጊዜ በሌላ አገር ያለ ዘመድ የወላጁን መኖርና መሞት የሚረዳበት መንገድ አጥቶ ይኖር ነበር። እውነት በማይገኝበት ገበያ የሐሰት ዋጋ ይወደዳል፤ የሚሸጠውም ብዙ ነው። ስለዚህ መንግሥት ዝም ባለበት ሰዓት የሚናገረው ማን እንደ ሆነ ማሰብ ያሻል።

ሕጉስ ምን ይላል? የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን ለመከላከል በመጋቢት 2012 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185 የጥላቻ ንግግር ያደረገ ሰው እስከ 2 ዓመት በሚደርስ እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር በሚደርስ መቀጮ እንዲቀጣ፣ በንግግሩ ምክንያት በሰው ላይ ጥቃት የደረሰ እንደ ሆነ ቅጣቱ ከ1 እስከ 5 ዓመት እስራት እንዲሆን ያዛል። ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ሐሰተኛ መረጃ ያሰራጨው እስከ 3 ዓመት በሚደርስ እስራት ይቀጣል። ይህ የሕጉ አንደኛው እጅ ነው። ሁለተኛው እጅ ደግሞ ከዚያ የቀደመ ነው፤ በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 590 ሕዝብ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው፣ መሥሪያ ቤቱም መልስ የመስጠት ግዴታ እንዳለበት ደንግጓል። በአንደኛው እጅ ብቻ የሚሠራ ሹም ሐሰትን ይቀጣ ይሆናል፤ እውነትን ግን አያስገኝም። የሚቀጣውም በአንድ ጎሣ ወይም በአንድ ሃይማኖት ወገን ላይ ብቻ የሆነ እንደ ሆነ፣ ሕጉ ራሱ ሌላ የጠብ ወሬ ይሆናል።

ስለዚህ የዞኑና የጎረቤት ዞኖች ሹማምንት ሊያደርጉት የሚገባው ነገር ብዙ ወጪ የማይጠይቅ ነው። አንደኛ፣ አንድ ክፉ ነገር በሆነ ጊዜ በዚያው ሰዓት የሆነውንና ገና ያልተረጋገጠውን ለይቶ የሚናገር፣ ስሙና ሥልጣኑ የታወቀ አንድ ኃላፊ ይኑር። ሁለተኛ፣ ቃሉ በኦሮምኛና በአማርኛ አንድ ሆኖ ይውጣ፤ ለአንዱ ቋንቋ አንድ ነገር፣ ለሌላው ቋንቋ ሌላ ነገር የሚነገር ከሆነ ሹሙ ራሱ የሁለት ቦይ ወሬ ምንጭ ይሆናል። ሦስተኛ፣ የከሚሴና የሰሜን ሸዋ ሹማምንት በሥጋት ጊዜ ለየብቻ መግለጫ ከማውጣት ይልቅ አስቀድመው በስልክ ተነጋግረው አንድ ቃል ያውጡ፤ ሙታንንም ሁሉ በአንድ ዝርዝር ይቍጠሩ። አራተኛ፣ ስለ መንገድ፣ ስለ ውሃና ስለ ግብር በስሙ የጠየቀ ዜጋ መልስ እንጂ ጥርጣሬ አይጠብቀው።

የሃይማኖት አባቶች ድርሻ ከዚህ አያንስም። መስጊድ ተቃጠለ ወይም ቤተ ክርስቲያን ተቃጠለ የሚል ወሬ በተሰማ ጊዜ፣ የመጀመሪያው ስልክ ከኢማሙ ወደ ደብሩ አስተዳዳሪ፣ ከአስተዳዳሪውም ወደ ኢማሙ ሊደወል ይገባዋል። ሁለቱ አይተው በአንድነት የተናገሩት ቃል በጁምዓና በሰንበት ቢነበብ፣ ከሺህ የፌስቡክ ጽሑፍ የበለጠ ይታመናል። በወሎ አበጋር የሚባሉት ሽማግሌዎች የደም ጠብን ለማብረድ ኖረዋል፤ ከእነርሱ ዘንድ ባለ ጠቡ ስሙን ሳይናገርና ነገሩን ሳያስረዳ ዕርቅ አይቆምም። ይህ ጥበብ ለስልኩም ዘመን ይበጃል። ኢስናድን የሚያስተምር ሼህና የመምህሩን ስም የሚጠራ የቅኔ ተማሪ፣ ይህን ሥርዓት ከመጽሐፉ አውጥተው ለወጣቱ ስልክ ቢያስተምሩት አዲስ ትምህርት መፍጠር አያስፈልጋቸውም።

ዜጋውም ወሬ በመጣለት ጊዜ ሦስት ነገር ይጠይቅ፤ ያየው ማን ነው? የሆነው የትና መቼ ነው? ባስተላልፈው ምን ይከተላል? ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥያቄዎች መልስ ያላገኘ ሰው ወሬውን በእጁ ያቁመው፤ ወሬ አለማስተላለፍ የማንንም መብት አይነካምና። ስልኩንም ከጠብ ለሚሻል ሥራ ያውለው። የገበያ ዋጋን ለገበሬው ማሳወቅ፣ የወረዳውን በጀት መጠየቅ፣ በሾንኬና በየገዳማቱ ያለውን የሊቃውንት እውቀት ለልጅ ልጅ እንዲቆይ መመዝገብ፣ በችግር ጊዜም ለተፈናቀለ ጎረቤት ርዳታ ማሰባሰብ የዜግነት ሥራ ነው።

አንዳንድ ሰዎች ሕዝቡ ለዚህ ነጻነት ገና አልበቃም ይላሉ። ነገር ግን በየሰኞው በባቲ ገበያ ሦስት ቋንቋ እየተናገረ፣ ያየውን ከሰማው ለይቶ ወሬ ሲያቀብል የኖረ ሕዝብ አልበቃም ሊባል አይገባውም። ያልበቃው ሥርዓቱን ከገበያው ወደ ስልኩ ለማሻገር የሚደረገው ትጋት ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ እንዲሉ፣ የተላለፈ ቃል አይመለስም፤ በጂሌ ጥሙጋና በአጣዬ የሞቱትም አይመለሱም። ሊመለስ የሚችለው፣ ወሬ የሚያቀብል ሰው በስሙ የሚቆምበትና በስሙ የቆመውም ሰው በሹም ዘንድ የሚከበርበት የቀድሞ ሥርዓት ነው። ይህንንም መመለስ የሹማምንቱና የአባቶቹ የጋራ ሥራ ነው።